የቦቴው መንገድ፦ ከቦሩ ሜዳ ቁልቁል እስከ አሰብ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የቦሩ ሜዳ ብርድ ሰው ያቀራርባል። ዛሬ የምተርክላችሁ የቦቴ ታሪክ ነው።

«ቦሩ ሜዳንና ነዳጅን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም፤ አይፈረድበትም። ቦሩ ሜዳን አገር የሚያውቃት ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የሃይማኖቱን ክርክር በዳኙበት ጉባኤ ነው፤ አለዚያም በሆስፒታሏ። ድፍድፍ ዘይት ፈልቆባት አያውቅም። ግን ከዚህ ተነሥታችሁ ደሴን እለፉ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ውረዱ፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ ባቲ ታጠፉ። መንገዱ የአፋርን በረሃ ሰንጥቆ አሰብ ላይ ከቀይ ባሕር ያደርሳችኋል። ወደ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። የአገሪቱ ናፍጣና ቤንዚን ለብዙ ዘመን ሽቅብ የወጣው በዚህ ነው። ነዳጇን ከባሕር ማዶ የምታስመጣ አገር የነዳጅ ታሪኳ የመንገድ ታሪክ ነው። መንገድ ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንደኛው ጫፍ እኛ ነን። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደኋላ እንፈልጋታለን።

ከነዳጁ በፊት ጨው ነበረ። አፋር ጨውን በግመል ጭኖ ወደ ባቲ ይወጣል፣ የወሎ ነጋዴ እህሉን ይዞ ይወርዳል። የባቲ ሰኞ ገበያ ደገኛውንና ቆለኛውን እስከ ዛሬ ያገናኛል። የመንገዱ የታችኛው ጫፍ አሰብ ናት። ታዲያ በ1862 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ሲከፈት፣ በዚያው ዓመት ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ጣሊያናዊ፣ ቀድሞ ሚሲዮናዊ የነበረ፣ ሩባቲኖ ለሚባል የመርከብ ኩባንያ ብሎ ከአፋር ባላባቶች አሰብ ላይ መሬት ገዛ። ለምን ቢሉ፣ የዘመኑ መርከብ የሚሄደው በእንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ከሰል ይበላል፤ ረጅም ጉዞ የሚሄድ መርከብ በመንገዱ ላይ ከሰል የሚሞላበት ማረፊያ ይሻል። ስለዚህ ፈረንጅን መጀመሪያ አሰብ ላይ ያሳረፈው የማገዶ ነገር ነው። በ1874 ዓ.ም. ቦታውን ከኩባንያው እጅ የጣሊያን መንግሥት ተረከበ። ሰባት ዓመት ቆይቶ እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ። የውጫሌን ጠብና የዓድዋን ድል ታውቁታላችሁ፤ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ሌላ ውል እንሂድ፤ ይኼኛውን ብዙ ሰው አያነሣውም። በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከጣሊያን ጋር የወዳጅነት ውል ተዋዋሉ። ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ለ130 ዓመት ነፃ ቀጠና ታገኛለች፤ ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ ይሠራል፤ ጣሊያን በያዘው ምድር ያለውን ጣሊያን፣ ከወሰኑ ወዲህ ያለውን ኢትዮጵያ ትሠራለች። 130 ዓመት! ውሉ ቢቆይ ኖሮ እስከ 2050 ዓ.ም. ባደረሰን። ግን ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ፍርሃት ነበረ፦ ዕቃ የሚያወጣ መንገድ ታንክም ያወጣል። አዲስ አበባ መንገዱን አላቻኮለችም፤ ሮም ይህንኑ ቂም አድርጋ ያዘች። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ውሉ በመድፍ ተቀደደ።

ከመድፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን አንድ እንግዳ ሰው አዲስ አበባ መጣ። ፍራንሲስ ሪኬት ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። ነሐሴ 1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ ነግሠው ጃንሆይ የተባሉት ራስ ተፈሪ በምሥራቅ በኩል ያለውን የአገሪቱን ግማሽ ያህል ምድር ለነዳጅ ፍለጋ ለ75 ዓመት ፈቀዱለት። ከሪኬት ጀርባ ያለው ስታንዳርድ ቫኩም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። የጃንሆይ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ የአሜሪካ ገንዘብ ያረፈበትን ምድር ሙሶሊኒ ደፍሮ አይነካውም ብለው ነው። ዋሽንግተን ግን ነገሩ ከጦርነቱ እንዳይከታት ፈራችና ኩባንያውን ተጫነች፤ በቀናት ውስጥ ፈቃዱ ተሰረዘ። ከጉድጓዱ በፊት ጋሻው ፈረሰ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር ጄኔቭ ላይ ተሰብስቦ ማዕቀብ ጣለ። አሁን ጆሮ ስጡኝ፤ ይኼኛው ለባቲ ሰው ነው። ለጣሊያን እንዳይሸጥ የተከለከለው ዝርዝር ውስጥ ጎማ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ በቅሎ አለ፣ አህያ አለ፣ ግመል አለ። ነዳጅ የለም! አጃኢብ በሉ። ግመል ተከልክሎ ቤንዚን ተፈቀደ። ጣሊያን የራሱ የሚባል ዘይት የለውም፤ ከሩማንያ፣ ከአሜሪካ፣ ከሌላውም ነበር የሚገዛው። ስዊዝም አልተዘጋበትም፤ ወታደሩንና ነዳጁን የጫነ መርከቡ የማለፊያውን እየከፈለ አለፈ።

«ነዳጁን እንከልክለው» የሚል ክርክር በኅዳር ወር ተነሣ። ጃንሆይ ያኔ ደሴ ነበሩ፤ ለጦርነቱ መሪ ሆነው የተቀመጡት እዚሁ ነው። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ደሴን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ፀረ አውሮፕላን መድፍ ይዘው የሚታዩበት ፎቶግራፍ የደሴ ነው። እነዚያ አውሮፕላኖች በምን በረሩ? ማንም ባልከለከለው ቤንዚን። በማግስቱ፣ ኅዳር 27፣ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆር ፓሪስ ወርዶ ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ተቀመጠ። የተነጋገሩት ነዳጁን ስለ መዝጋት አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ቆርሶ ለሙሶሊኒ ስለ መስጠት ነው። ዕቅዱ ሾልኮ ወጣና ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የነዳጁ ማዕቀብ ግን በቀጠሮ ብዛት ሞተ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ደሴ ገባ። ከዓመታት በኋላ ሙሶሊኒ ራሱ ለሂትለር፣ ነዳጁ ተከልክሎ ቢሆን በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ በወጣሁ ነበር ማለቱን የሂትለር አስተርጓሚ መስክሯል። የደሴ ቦምብ ዋጋው የተቆረጠው ጄኔቭና ፓሪስ ነበር ማለት ነው።

ያ የተፈራው መንገድስ? ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ራሱ ሠራው። ከአሰብ በአፋር በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረሰ። ትሬንታ ኳትሮ የምንለው የዚያን ዘመን ፊያት እያቃሰተ ወጣበት። ጠላት ሄደ፣ መንገዱ ቀረ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ ከነወደቧ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ የመንገዱ ሁለቱም ጫፎች በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ሆኑ።

እዚህ ላይ ዓለም ለሁለት ተከፍላለች፤ ጃንሆይም ከሁለቱም በኩል መቀበል ያውቁበታል። የአሜሪካ ወታደር አስመራ ቃኘው ጣቢያ ተቀምጦ ሳለ፣ እሳቸው በ1951 ዓ.ም. ሞስኮ ሄደው ብድር ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ብድር የተወለደው የአሰብ ማጣሪያ ነው፤ በ1950ዎቹ ማብቂያ ሥራ ጀመረ። ድፍድፉ በመርከብ ይመጣል፣ አሰብ ላይ ይጣራል፣ ናፍጣው፣ ቤንዚኑና ላምባው በቦቴ ተጭኖ ሽቅብ ይወጣል። ማጣሪያው እየሰፋ ሄዶ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን ቶን በላይ የማጣራት አቅም ነበረው።

የኮምቦልቻና የደሴ የሾፌር ዘመን ያ ነው። ኤንትሬ የምንለው የጭነት መኪና ከነተሳቢው ከባቲ በታች ያለውን ሐሩር ሽሽት ሌሊት ይጓዛል። ረዳቱ ውኃ በጄሪካን ይዞ ራዲያተሩን ይጠብቃል። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጎሚስታው፣ መካኒኩ፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ ሁሉ በእነሱ ያድራል። ከአሰብ የመጣ ሾፌር ጨውና ዜና ያመጣል፤ ከደሴ የወረደ ጤፍና ቅቤ ያደርሳል። ታችኛው ጫፍ ሲሠራ ላይኛውም ይበላ ነበር።

ግን ባሕሩ የራሱ ባለቤቶች አሉት። በመስከረም 1966 ዓ.ም. መጨረሻ የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት ተነሣ፤ ግብፅ ባብ ኤል መንደብን ወደ እስራኤል በሚሄድ መርከብ ላይ ዘጋች፤ የአረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፤ በርሜሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ተጠጋ። ያ ዋጋ አሰብን አልፎ፣ በረሃውን ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ደረሰ። የካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን በግማሽ ያህል ጨመረ። ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ አስተማሪውም ተማሪውም ወታደሩም ተከተለ። መንግሥት ከጭማሪው ቢቀንስ ነገሩ ካመለጠ በኋላ ሆነ። በዚያው ዘመን እዚህ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ እያለቀ ነበር። የወሎ ረሃብና የቤንዚን ዋጋ ተጋግዘው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዙፋኑን ገለበጡት። ረሃቡ የራሳችን ነበር፤ ዋጋው ግን ከሩቅ ባሕር የመጣ ነው።

ደርግ መጣ፤ ድፍድፉም በወዳጅ ዋጋ ከሶቪየት ኅብረት መጣ። በ1977ቱ ድርቅ የእርዳታ ስንዴው በአሰብ ገብቶ በዚሁ መንገድ ወጣ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ ለመንግሥት የቀረችው የራሱ የባሕር በር አሰብ ብቻ ሆነች። ሞስኮም በዚያው ሰሞን እጇን ሰበሰበች። አንድ በር፣ አንድ መንገድ! ኢሕአዴግ ይህን አይቶታል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በወሎው ልጅ በዋለልኝ መኮንን ስም የተሰየመው ዘመቻ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፤ የአሰብ መንገድ ከወገቡ ተቆረጠ። በቀናት ውስጥ፣ ግንቦት 13፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። አሰብም በዚያው ወር በሻዕቢያ ተያዘች። የመንገዱ ሁለት ጫፎች ዳግም የሁለት ቤት ሆኑ።

መጀመሪያ ፍቅር ነበረ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታውጅ አሰብ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ እንድትሆን ተስማሙ። ቦቴው እንደ ወትሮው ተመላለሰ። ማጣሪያው ግን አርጅቶ ነበር፤ ድፍድፍ ገዝቶ እዚያ ከማጣራት የተጣራውን መግዛት ይረክሳል ተባለና በ1989 ዓ.ም. ገደማ ተዘጋ። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን አወጣች፤ ንግዱ በምን ገንዘብ ይሁን የሚለው ክርክር ከረረ። ግንቦት ላይ የባድመ ጦርነት ተነሣ። ቦቴዎቹ ሚሌ ወርደው ወደ አሰብ መሄዳቸውን ተዉና በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። አሰብ ክሬኖቿ ቆመው፣ ሠራተኛዋ ተበትኖ ቀረች። ላይኛው ጫፍ ኮምቦልቻም የአሰብ ቦቴ ቀረባት፤ ለአዲስ አበባ የሚሄደው ከሚሌ ወደ አዋሽ በሜዳው ይነጉዳል፣ በባቲ የሚወጣው ለእኛና ለሰሜኑ የሚሆነው ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች ቡሬ ላይ ድንበር ሲከፍቱ ብዙ የድሮ ሾፌር ልቡ ተነሥቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

የአሰብ መዘጋት አገሪቱን ሌላ በር እንድትፈልግ አስገድዷት ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከቤንዚኑ ከፍ ያለ ድርሻ ከሱዳን በመተማ ገባ። በ2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል አብዛኛው ጉድጓድ አብሯት ሄደ፤ ያም በር እየጠበበ መጣ። ዛሬ ዋናው ማራገፊያ ጅቡቲ ዶራሌ ላይ ያለው ሆራይዘን ተርሚናል ነው። ከዚያ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቱቦ ይዘረጋል ተብሎ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ተፈርሞ ነበር፤ አልተዘረጋም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የሚወጣው ባቡርም ድልድዩና ዋሻው ተሠርቶ አገልግሎት ሳይጀምር ቀረ። ስለዚህ የአገሪቱ ነዳጅ ዛሬም በቦቴ ጎማ ላይ ነው።

የባሕሩን አቀማመጥ ልንገራችሁ፤ ካርታ የማታዩ በቃሌ እዩት። ነዳጁ የሚነሣው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። መጀመሪያ በሆርሙዝ ጠባብ በር ይወጣል፤ ዓለም በቀን ከሚያቃጥለው አምስት እጅ አንዱ ያህል በዚያች በር ያልፋል። ከዚያ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ ወዲህ ናት፤ አሰብ ከባብ ኤል መንደብ ወዲያ ናት። ለጅቡቲ አንድ ጠባብ በር፣ ለአሰብ ሁለት። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከብ መምታት ሲጀምሩ በባብ ኤል መንደብ የሚያልፈው ነዳጅ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ጥቃቱ ኤደን ባሕረ ሰላጤም ስለ ደረሰ የመድን ዋጋው ወደ ጅቡቲ ለሚመጣውም ተረፈው። አሰብ ራሷ ከዚያ ቀደም ብላ የየመን ጦርነት ጎራ ሆናለች፤ ከ2007 ዓ.ም. አንሥቶ ለዓመታት የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የጦር ሰፈር ነበረባት። ቦቴ የቀረባት ወደብ ተዋጊ አውሮፕላን አስተናገደች።

2014 ዓ.ም.ን ለቦሩ ሜዳና ለደሴ ሰው እኔ አልተርክለትም፤ ራሱ አይቶታል። የመንገዱን ነገር ብቻ ላንሣ። በጥቅምት መጨረሻ ግድም የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ይዘው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ገፉ። ሚሌ ለምን? የጅቡቲ መንገድ እዚያ ነዋ። ሚሌ ብትያዝ የአዲስ አበባ ነዳጅ በቆመ። ካሳጊታና ጭፍራ ላይ የተዋደቁት ለዚያ ነው። ሚሌ አልተያዘችም፤ ኅዳር 27 ቀን ደሴና ኮምቦልቻ በመንግሥት እጅ ተመለሱ። በወዲያኛው ወገን ደግሞ ወደ ትግራይ ነዳጅ ለወራት ሳይገባ፣ የእርዳታ መኪና ናፍጣ አጥቶ እንደ ቆመ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። ሁለቱም ወገን ያወቀው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱን የቆረጠ ተኩስ ሳይጨርስ ያንበረክካል። ኋላ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ዛሬም ስላልበረደ መንገድ ሲዘጋ ማደያው ይደርቃል፣ ቤንዚን በሃይላንድ ተቀድቶ በእጥፍ ይሸጣል፣ ባጃጁ ይቆማል፣ የገበያው ሽንኩርት ይወደዳል።

«የራሳችን ጋዝ ወጣ አይደል?» ትሉኛላችሁ። ወጥቷል። ኦጋዴን ካሉብ ላይ ጋዝ መኖሩ የታወቀው ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው፤ ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አገኘው። ከዚያ የሶማሌ ጦርነት መጣ፤ ከዚያ ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ ከዚያ ሌሎች መጥተው ሄዱ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አቦሌ ላይ በቻይናውያን የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። በ2011 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ ቱቦ ለመዘርጋት ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ፤ ገንዘብ ጠፍቶ ቀረ። በመጨረሻ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ ጣሊያን መረብን በተሻገረበት ዕለት፣ ልክ በ90 ዓመቱ። ጋዙ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እስከዚያ ምን ያዘው? መሬት ውስጥ አልጠፋም፤ ወደ ባሕርም ወደ መሐል አገርም የሚያደርሰው አልነበረም። ወደ ባሕር የሚወርድ ቱቦ አሁንም የለም።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኋችሁን የሁለት ጫፍ ነገር አምጡ። ዛሬ የአሰብ ስም እንደገና በየአፉ ነው። ወጣቱ በጠመንጃ ይመልሳታል፣ ሽማግሌው በእንባ። እኔ ከታሪኩ የማየው ይህ ነው። በዚህ መንገድ ጦር ቁልቁል በወረደ ወይም ሽቅብ በወጣ ቁጥር ነዳጁ ቆሟል ወይም ሊቆም ደርሷል፤ በ1983 ተቆረጠ፣ በ1990 ሞተ፣ በ2014 ሊሞት ነበር። ኮምቦልቻም አሰብም አብረው የበሉት ሁለቱ ጫፎች ሒሳብ ሲተሳሰቡ ብቻ ነው። ስንለያይ እኛ በአንዲት በር ቀረን፣ አሰብ ያለ ቦቴ ቀረች፤ ማንም አላተረፈም።

ውል አልነበረም እንዳትሉ። የ1920ው ለ130 ዓመት ነበር፤ የነፃ ወደቡም ስምምነት በእጃችን ነበር። ሁለቱም ወደቡን፣ መንገዱን፣ ዕቃውን አስበዋል፤ ጠቡን አላሰቡም። እንግዲህ ከአሰብም ሆነ ከጅቡቲ፣ ከበርበራም ሆነ ከላሙ፣ ቀጣዩ ውል ሲጻፍ ከዓመቱ ብዛት በፊት አንድ አንቀጽ ይግባበት፦ የተጣላን ዕለት ቦቴው በማን ዋስትና ያልፋል?